ሲወለዱ አላየሁም

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ። ወሩ ሰኔ፣ ተማሪው ፈተና ላይ ነው። ከዘበኝነቱ ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም እግሬ ለምዶ፣ ጠዋት ጠዋት መርሳ ያለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ካለችው ድንጋይ እቀመጣለሁ። የሺ መጣች። የሺ የመምህር ቶማስ ሚስት ናት። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ከደጃፏ አልፋ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ያን ቀን ግን በምርኩዝ እየተንገዳገደች፣ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። ደህና አደርሽ ብላት አልመለሰችልኝም። አልፋኝ ገባች።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ከሕንድ አገር የባሏ የወንድም ልጅ ደውሎላት ኖሯል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ከሚለው ሁሉ የገባት የባሏ ስምና የልጁ ልቅሶ ነው። ስልኩን ሳትዘጋ ነው ያንን ሁሉ መንገድ የመጣችው። አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ተቀብሏት አዳመጠ። ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ስልኩን ዘጋና፣ «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ» አላት። አልተቀመጠችም። እንደቆመች፣ «መቼ ቀበሩት?» ብላ ጠየቀችው። ከቀበሯቸው ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

የመምህር ቶማስን ሞት የሰማነው እንዲህ ነው። ስለሳቸው መጻፍ የሚገባው የተማረ ሰው ነበር። የተማሩት ዝም ሲሉ ጊዜ እኔ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ አንባቢ ይታገሰኝ፤ የማውቀውን ግን አልደብቅም።

እዚህ የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ስለጠፋ መንግሥት ሕንዶችን በውል ያስመጣ ነበር። ለመርሳ አራት ደረሱን። ውላቸው ሲያልቅ ሦስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ መምህር ቶማስ የሺን አግብተው ቀሩ። ልጅ አልሰጣቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔም ይልቅ የሚጠቁሩ ሰው ናቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ ጠመኔ አይጠፋም፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ አልጠፋም። አንድ ነገር ለማስረዳት ሲፈልጉ ያገኙት ነገር ላይ ይጽፋሉ። የዘበኛ ቤቴ በር፣ የሰው ግድግዳ፣ ቆሞ ጭነት የሚጠብቅ አይሱዙ፣ ሁሉም ሰሌዳቸው ነው። አንድ ቀን አንዱን ገበሬ የመሬቱን ስፋት ሊያስረዱት ብለው በአህያው ኮርቻ ላይ ጽፈውለት፣ ሰውዬው ዝናብ እንዳያጠፋበት አህያውን ቤት ውስጥ አሳደራት ተብሎ መርሳ ስትስቅ ከረመች።

አማርኛን የተማሩት ቤት ካከራዩዋቸው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያውቁት «አንቱ»ን ብቻ ነበር። የስምንተኛ ክፍሉን ውርጋጥ ሁሉ አንቱ ይሉታል። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ሳቀ፤ በኋላ ፈራ። ልጁ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት አጠገቡ ይቆሙና ቀስ ብለው፣ «አንቱ፣ ይህችን ሰባት ከየት አመጧት?» ይሉታል። ሌላው አስተማሪ በአርጩሜ ሲገርፈው የማያለቅሰው ልጅ በዚህች ያለቅሳል። ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ነበረቻቸው፤ «ጥያቄውን ደግመው ያንብቡት፣ መልሱ እዚያው ውስጥ ነው።» ከስንት ዓመት በኋላ፣ አሁን እንኳ አንተ ማለቱን አይለምዱም ወይ ስላቸው፣ «እሱን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ምን ልጨምር ብዬ?» አሉኝ።

አክብሮቱ ግን ብድር አልነበረም፤ የመለሰላቸው ሰው ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ኖረው «ሕንዱ» ናቸው። እነሱ አገር የእኛ ዓይነት ኦርቶዶክስ አለ ብሎ የሚያምን አልነበረም። ጾሙን ከእኛ አጥብቀው እየጾሙ፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው እያስቀደሱ፣ «ይህ ሕንድ አንድ ቀን ይጠመቅ ይሆናል» ይባሉ ነበር። ባጃጅ ሲሳፈሩ ከጎናቸው ከተቀመጠው እጥፍ ይጠየቃሉ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የገዛ ተማሪያቸው ነው። «አንቱ፣ እጥፍ ማለት ምን እንደሆነ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ» ብለው ይከፍላሉ። የተሳፈረው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሐራ ላይ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ ሲባል ሰሙና ብቻቸውን በሚኒባስ ሄዱ። የተወለዱበት መንደር የባቡር መንገድ ዳር ነው፤ በልጅነታቸው ሰዓቱን የሚያውቁት ባቡሩ ሲያልፍ ነው ይሉ ነበር። ሐራ ላይ ባቡሩ አልመጣም። ብረቱ ብቻ ተዘርግቶ ፀሐይ ያቃጥለዋል። እሳቸው ቁጢጥ ብለው በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለውን ስፋት በስንዝራቸው ሲለኩ ጠባቂዎች ደረሱባቸው። ሰላይ ነው ብለው ያዟቸው። ተደውሎልኝ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። «አስተማሪያችን ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ» አልኩ፤ ለቀቋቸው። ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም፣ ማል ያለኝም የለም። ስንመለስ ምን ፈልገው ነው ብላቸው፣ «ከእኛ አገሩ ይጠባል» አሉኝ።

ስለ ልጄ ጥቂት ካልተናገርኩ የሚመጣው ነገር አይገባም። የበኩር ልጄ ሐብታሙ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ። ጅዳ ላይ ወረቀት የለህም ብለው ያዙት። አሰሩት። የት እንዳለ ያጣን ጊዜ መምህር ቶማስ ለሚመለከተው ቢሮ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉልኝ። መልስ ሲጠፋ ደግመው ጻፉ። ያም ሲቀር ለሌላ ቢሮ ጻፉ። ልጄ ከብዙ ወር በኋላ ተመለሰ፤ ደብዳቤው ይመልሰው ሌላ ነገር አላውቅም። የፊት ጥርሱ የለም። ከሰው ጋር መቀመጥ ተወ። አጥር ጥግ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ያወራል። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሸሸ ሸሸ። የሺ ያኔም መራመድ ስለማትችል መምህር ቶማስ ቤታቸውን ዘግተው ከሷ ጋር ተቀመጡ። ያ ሁሉ አልፎ ስንሰባሰብ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰነድ ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹን ዝናብ በልቶታል። የሁላችንም ፋይል ጠፋ።

ለእኛ ችግር አልሆነብንም። ሦስት ምስክር ይዘህ ትሄዳለህ። «ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆኑን እናውቃለን» የሚል ወረቀት አለ። ሦስቱ ይምላሉ፣ ይፈርማሉ፣ አዲስ መታወቂያ ይሰጥሃል። ወረቀቱን ጸሐፊውም አያነበው፣ እኛም አናነበው። እኔ ለስንት ሰው እንደፈረምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ መርሳ ለገባ ሾፌርም ፈርሜያለሁ። የእናቱን ስም የሰማሁት እዚያው ሲጽፉት ነው።

መምህር ቶማስ ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸው በጦርነቱ መሃል ጊዜው አለፈ። ለማሳደስ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዞን ደብዳቤ አምጣ ተባሉ። ወልድያ ሲሄዱ ከወረዳ አምጣ። ወረዳው ከቀበሌ አምጣ። ቀበሌው ፋይልህ የለም፣ ማስረጃህን አምጣ። ማስረጃ ሞልቷቸዋል፤ የአርባ ዓመት ወረቀት በሁለት ካርቶን መሃል አስገብተው በሲባጎ አስረው ይዘውታል። ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናሉን አምጣ ይሏቸዋል። ኦሪጅናሉ እነሱ ዘንድ የተቃጠለው ነው። ይህን ሲያስረዷቸው ይሰሙና፣ ሰምተው ሲያበቁ፣ «እሺ፣ ኦሪጅናሉን አምጣ» ይላሉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ወልድያ ሄድኩ። የሺ ሸሚዛቸውን በካውያ ተኩሳላቸው እንደ ሙሽራ ሆነዋል። ወረፋው ረጅም ነው። እኛ ከቆምን በኋላ የመጣ ሰው በዘመዱ ይገባል፣ በወንዙ ልጅ ይገባል፤ «የውጭ ዜጋው ይቆይ» ይላል በረኛው። ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ቅጽ አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ።

«ሠራተኛ ነህ?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ባለሀብት ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ቱሪስት?»

«ከመርሳ ነው የመጣሁት።»

ኋላችን ያለው ሰው ሳቀ። ልጁ ሰውየው የቀለደበት መሰለውና ተቆጣ። ታዲያ ምን ብዬ ልሙላህ አለ። ጡረተኛ ይበሉኝ አሉት። ቅጹን አዙሮ አሳያቸው። «እንዲህ የሚል ሣጥን የለም።»

መምህር ቶማስ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። «እኔ ልሥራልዎ?» አሉት፣ በቅንነት ነው እኮ። ልጁ መስኮቱን ዘጋው።

ስንመለስ ሲሪንቃን እስክናልፍ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ከዚያ፣ «አቶ ታዬ፣ ይህ ጥያቄ መልሱ ውስጡ የለም» አሉኝ።

በሌላ ጊዜ ብቻቸውን ሄደው ደብዳቤው ተጻፈላቸው። ማኅተም ተመታበት። ይዘው ቢወጡ ኖሮ አበቃ፤ ግን አነበቡት። ማኅተሙ ላይ የተመታው ቀን የነገው ቀን ሆኖ አገኙት። ተመልሰው ገቡ። «አንቱ፣ ይህ ቀን ገና አልመጣም» አሉት ኃላፊውን። ሰውዬው ደብዳቤውን ተቀብሎ ለሁለት ቀደደው። «እንግዲያው ሲመጣ ና» አላቸው። በነጋታው ሲሄዱ ስብሰባ ነው ተባሉ። ከዚያም ያ ሰው ተዛወረ። ይህን የሰማ ሁሉ ሞኝነታቸውን አወራ። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ እሳቸውም እንደኔ ግትር ናቸው አልኩ።

በመጨረሻ የቀበሌው ጸሐፊ ብርሃኑ አንድ መላ አመጣ። ብርሃኑ ተማሪያቸው ነበር፤ ሦስት ዓመት አስተምረውታል። ያም ሆኖ አንተ ነው የሚላቸው። «እንደማንኛውም ሰው ሦስት ምስክር አምጣና ጨርስ» አላቸው። እሳቸው ደስ አላቸው። እንደማንኛውም ሰው የሚለውን ቃል ለየሺ ደጋግመው ነግረዋታል። የቀበሌው ወረቀት ከተገኘ ወረዳው ይጽፋል፣ ዞኑ ይጽፋል፣ አዲስ አበባ ያድሳል። ካልተገኘ ከአገር መውጣት ነው፤ የሺ ደግሞ ከአልጋዋ እስከ ደጃፏ ነው አቅሟ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላወቅኩም አልልም።

ምስክሮቹ ሦስት ነን። እኔ፣ ባለሱቁ ሐጂ ይመር፣ መካኒኩ ካሳው። ሐጂ ይመር ለመምህሩ ቤት ያከራዩት የዚያ ሽማግሌ ልጅ ናቸው። በዕድሜ ከሦስታችን እኔ ስለምበልጥ ፊት ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ያቺን ወረቀት አወጣ። ከዚያ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ፤ ቆሞ ያነብ ጀመር። የውጭ ዜጋ ጉዳይ ስለሆነ ቃል በቃል መነበብ አለበት አለ። «ከተወለደ ጀምሮ» የምትለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሲወለዱ አላየሁም» አልኩ።

ሐጂ ይመር በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ታዬ፣ ተው።»

«አላየሁም። ያላየሁትን አልምልም።»

«እኔስ ስወለድ የት ነበርክ?» አለ ካሳው። «ለእኔ ስትፈርም እናቴን አዋልደህ ነው?»

እውነቱን ስለነገረኝ ነው የባሰብኝ። «ለልጄ ጅዳ ላይ ማን መሰከረለት?» አልኩ። «እሱም እዚያ እንግዳ ነበር፤ እሳቸውም እዚህ እንግዳ ናቸው። የእሱን ጥርስ ሲያረግፉ የማለለት የለም።»

ብርሃኑ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል፤ ፊቱ ላይ ከፋኝም ደስ አለኝም አላይበትም። መምህር ቶማስ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ተነሡና መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ትክክል ነው» አሉ። «አቶ ታዬ አላዩም። አንቱ፣ እንዳሉት ይጻፉላቸው።»

ብርሃኑ ጻፈ። ፈርም አለኝ፤ ፈረምኩ። ያን ፊርማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዘበኛ ቤቴ በር ላይ በጠመኔ እየጻፉልኝ፣ እየደመሰስኩ እየጻፍኩ፣ አንድ ክረምት ሙሉ የፈጀ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ደመወዝ የምቀበለው በአውራ ጣቴ ነበር። ስፈርም እጄን ያዩ ነበር፣ እንደ ተማሪ እጅ።

አንደኛው አላየሁም ካለ በኋላ ለቀሩት መማል ከበደ። ሐጂ ይመር አላህ ፊት የምጠየቅበት ነው ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ካሳው ብቻዬን ልፈርም አለ፤ አንድ ሰው አይበቃም ተባለ። ብርሃኑ ወረቀቱን አጥፎ፣ «ሽማግሌዎቹ ካላወቁህ እኔ ከየት ልወቅህ?» አላቸው። እንዲያ ሆኖ ቀረ። ካሳው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ለምን አደረግኸው ብሎ የጠየቀኝ ብዙ ነው። ለአንዱ ሃይማኖቴ ነው፣ መሐላ እፈራለሁ አልኩ። ለሌላው ሕጉን ነው የተከተልኩ አልኩ። ሁለቱም ውሸት ነው። ያን ጠዋት ሐብታሙን አጥር ጥግ ትቼው ነው የመጣሁት፤ እንጀራ አቅርቤለት አልበላም ብሎ ሳህኑን ገፍቶብኛል። ለዚያ ሁሉ የሚከፍል አንድ ሰው ፈለግኩ። ጅዳ ሩቅ ነው። መምህር ቶማስ ቅርብ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ያለ ፈቃድ ለተቀመጡበት ቅጣት ተጻፈባቸው። ከአገር ወጥተህ አዲስ ቪዛ ይዘህ ግባ ተባሉ። ሁለት ወር ይፈጃል፣ ከዚያ አያልፍም ብለው ለየሺ ነገሯት። ጎረቤት እንድታያት አደራ አሉ፤ ለእኔ አላሉኝም። የሄዱ ቀን አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። እዚያ ያለው ሁሉ ማንጎና ብርቱካን የሚሸጥ፣ የሚጮህ፣ የሚሳፈር ነው። እሳቸው ያቺን ካርቶን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ረዳቱ ለሕንዱ ዋጋው ሌላ ነው ብሎ ይከራከራቸዋል። ሲያዩኝ ትተውት መጡ።

«ሐብታሙን ክፍልፋይ አስጀምሬያቸው ነበር» አሉኝ። «ጎበዝ ናቸው። ደብተሩ የሺ ጋ ነው፤ ይላኳቸውና ይውሰዱ።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ከሰው ጋር የማይቀመጠው ልጄ ከሰዓት ከሰዓት የሚጠፋው እሳቸው ቤት ኖሯል። በዚያ ሁሉ መሃል፣ እኔ ከፈረምኩም በኋላ፣ ይመጣ ነበር፤ ያስተምሩት ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም። ሌላ ነገር ሊሉ ሲሉ ረዳቱ ጠራቸውና ገቡ። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብለው ነው የገቡት።

ደብተሩን አላስመጣሁም። የሺ ፊት መቆም ከበደኝ።

አገራቸውም አልቀናቸውም። አርባ ዓመት የት ነበርክ አሏቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ቤት እንግዳ ሆነው ተቀመጡ። ቪዛ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ለምን ጉዳይ ነው የምትሄደው ተባሉ። ወደ ቤቴ ነው አሉ። ቤትህ ከሆነ ነዋሪነትህን የሚያሳይ ማስረጃ ከዚያው አምጣ አሏቸው። ይህን ለየሺ በስልክ እየሳቁ ነገሯት። እሷም መጀመሪያ ስቃ እንደነበር ጎረቤቶቿ ነግረውኛል። ሁለቱ ወር ስምንት ወር ሆነ። ከዚያ ትኩሳት ያዛቸው፤ ከዚያ ያ ስልክ ተደወለ።

እድሩ የየሺ ስለሆነ ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳ የሌለበት ልቅሶ ከባድ ነው፤ ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። አንድ የድሮ ፎቶግራፍ ወንበር ላይ አቁመዋል፤ አራቱ ሕንዶች ትምህርት ቤቱ ፊት ሆነው የተነሡት ነው። የማያውቅ ሰው የቱ እንደሞተ ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ያስተማሯቸው መጥተዋል፤ ብርሃኑም መጥቷል፤ ንፍሮ የሚያዞሩት የባጃጅ ልጆች ናቸው። ተቀምጬ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ወሰድኩ። አለቀስኩ፤ የውሸት አልነበረም።

የሺ ከፍራሿ ላይ ቀና አለች።

«ጋሽ ታዬ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ሲወለድ አላየሁም ብለው ፈረሙ። ሲሞትስ አይተውታል?»

ነጠላዬን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ።

«አላዩትም። እንግዲህ ሞተ ብለው እንዳያለቅሱ። መሐላ ይሆንብዎታል።»

ተይ ያላት ሰው የለም። ሐጂ ይመር መሬት መሬት ያያሉ። ብርሃኑ ንፍሮውን እጁ ውስጥ ይዞ ቀረ። ተነሥቼ ስወጣ ሰው ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፈኝ፤ አንድም እጅ አልያዘኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው ሳይከፈት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ብርሃኑ መጣ። ጋሽ ታዬ ምነው በጠዋቱ ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም። መታወቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሰርዘው አልኩት።

«ምን ሆነ? ስሙ ተሳስቷል?»

«ስሙ ልክ ነው። እኔን ስወለድ ያየኝ ሰው የለም፤ ያዩት ሁሉ ሞተዋል። የፈረሙልኝ ሦስቱም ከእኔ ያንሳሉ። ሰርዘውና ለመምህር ቶማስ ያልከውን ለእኔም በለኝ።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሐዘን ላይ ነዎት፣ ይግቡና ይረፉ አለኝ። ሰርዘው አልኩት ደግሜ። ጥርሱን ነክሶ አየኝና፣ «እርስዎን እዚህ ማን የማያውቅ አለ?» አለኝ። መታወቂያውን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

እኩለ ቀን ሳይሆን የቀበሌው ዘበኛ መታወቂያዬን በፖስታ ከትቶ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ፈርም አላለኝም፤ ምስክር አልጠየቀኝም። እጄን ይዞ መዳፌ ላይ አኖረውና፣ «ረስተውት ነው» አለኝ።